ነዳጅን በልክ የመጠነች መሐንዲስ፦ የቢያትሪስ ሺሊንግ ሕይወትና ሥራ

የሞተር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ኃይል የጨመሩ ሰዎች ናቸው። ሲሊንደሩን ያሰፉት፣ የጭመቃውን መጠን ከፍ ያደረጉት፣ አየርን በሱፐርቻርጀር ጨምቀው ወደ ሞተሩ ያስገቡት መሐንዲሶች በየመጻሕፍቱ ተመዝግበው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ኃይል በተጨመረ ቁጥር ነዳጁ በምን መጠን፣ በየትኛው ቧንቧና በምን ግፊት መድረስ እንደሚገባው አስልተው፣ ለዚያም የሚስማማውን ፓምፕ፣ ቫልቭና ማፍሰሻ ቀዳዳ የመረጡት ባለሙያዎች እምብዛም አይታወሱም። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ ሲሠምር ማንም ልብ አይለውም፤ ሳይሠምር ሲቀር ግን ፒስተን ይቀልጣል፣ ሞተር ይታፈናል፣ አልፎ ተርፎም የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ስሟ በሰፊው ለመታወቅ የበቃው እንግሊዛዊቷ መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር በውጊያ መካከል ይታፈን ነበር። ይህን ችግር፣ የተመጠነ ቀዳዳ ባላት አንዲት ትንሽ የናስ ዕቃ አማካይነት እንዲቃለል ያደረገችው እርሷ ናት። ዕቃዋ በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ነበረች። በስተጀርባዋ የነበረው ስሌት፣ ልምድና የሥራ ትጋት ግን የዚችን ሴት ዕድሜ ግማሽ ያህል የወሰደ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቢያትሪስ ሺሊንግ የተወለደችው ማርች 8 ቀን 1909 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሐምፕሺር ግዛት ውስጥ በምትገኘው ዋተርሉቪል ነው። አባቷ በሥጋ ሻጭነት ሥራ ይተዳደር ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ዝንባሌዋ ወደ ዕቃ መፍታትና መግጠም ያደላ ስለነበር፣ የኪስ ገንዘቧን የምታውለው ለመፍቻና ለልዩ ልዩ የእጅ መሣሪያዎች መግዣ ነበር። ገና በ14 ዓመቷ አንድ ሞተር ብስክሌት ገዛች፤ እርሱንም እየፈታችና መልሳ እየገጠመች የሞተርን ጠባይ መማር ጀመረች። በዚያ ዘመን አንዲት ልጃገረድ የሞተር ዘይት በእጇ ነክታ መዋል እንግዳ ነገር ነበር። እርሷ ግን መሐንዲስ ለመሆን ቁርጥ አሳብ ያደረገችው ገና ያኔ ነው።

ትምህርት ቤት እንደጨረሰች ማርጋሬት ፓርትሪጅ በተባለች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ፓርትሪጅ በ1919 ከተቋቋመው የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር ጋር በቅርብ የምትሠራ ሴት ነበረች። ድርጅቷም መብራት ላልደረሰባቸው ሥፍራዎች ጄኔሬተር ይተክልና ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ሺሊንግ በዚህ ሥራ ላይ ሳለች ያሳየችውን ችሎታ የተመለከተችው አሠሪዋ፣ በዩኒቨርሲቲ ገብታ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና እንድታጠና አበረታታቻት። የሙያ ማኅበር ለአባላቱ ሊያደርግ ከሚችላቸው አገልግሎቶች ሁሉ ይህ፣ ማለትም ቀድሞ የገባው የኋለኛውን በር ከፍቶ ማስገባቱ፣ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

በማንቸስተር የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ለመከታተል ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ ሺሊንግ ነበረች። በ1932 የመጀመሪያ ዲግሪዋን በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተቀበለች፤ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ቆይታም በ1933 በሜካኒካል ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ አገኘች። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበትና ሥራ የጠፋበት ስለነበር፣ ለተመረቀ ወንድ መሐንዲስ እንኳ መቀጠር ቀላል አልነበረም። እርሷ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ሙክሎው የምርምር ረዳት ሆና ለመሥራት ቻለች። ምርምሩ በሱፐርቻርጀር አማካይነት ተጨማሪ አየር በሚገባባቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የሚካሄድ ነበር። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ሲበዛ ሙቀቱ እንዴት እንደሚጨምር፣ ድብልቁ ሲሳሳ ወይም ሲወፍር በፒስተኑ ላይ ምን እንደሚደርስ በመለኪያ መሣሪያ እያየች የተማረችው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገጠማት ትልቅ ጥያቄ ከዚሁ እውቀት የሚመነጭ ሆኖ ተገኘ።

በብሩክላንድስ ሜዳ

ከለንደን ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ብሩክላንድስ በ1907 የተከፈተ፣ ለሞተር ተሽከርካሪዎች እሽቅድድም ተብሎ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ ሜዳ ነው። ጎዳናው በኮንክሪት የተለበጠ ሲሆን፣ መታጠፊያዎቹ ላይ እንደ ገደል ወደ ውጭ ከፍ ብሎ ይወጣ ነበር። ዙሪያው ወደ 4.4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የብሪታንያ የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ክበብ በውድድር ላይ ይህን ሜዳ በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ለዞረ ሰው የወርቅ ኮከብ ይሸልም ነበር። ይህም አንዱን ዙር ከ100 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መጨረስን ይጠይቃል።

ሺሊንግ ኖርተን በተባለ 500 ሲሲ ሞተር ብስክሌቷ ላይ ሆና በ1934 ይህን ኮከብ ተሸለመች። ሽልማቱን ያገኙት ሴቶች በሜዳው ታሪክ ሦስት ብቻ ናቸው። በዚህ የሚደነቀው ድፍረቷ ብቻ አይደለም። የምትነዳውን ሞተር ራሷ የምትፈታ፣ ራሷ የምታስተካክል፣ የካርቡሬተሩንም ማፍሰሻ ቀዳዳ እየለዋወጠች የምትሞክር ነበረች። እሽቅድድም ሞተሩን ረዘም ላለ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ስለሚያሠራ፣ በመንገድ ላይ የማይታይ የነዳጅ ጉድለት በዚያ ይጋለጣል። ነዳጅ በሚያንስበት ጊዜ ሞተሩ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት የፍጥነት መጨመር ይመስላል፤ ወዲያው ግን ይግላል፣ ያንኳኳል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይበሳል። ይህን ከመጽሐፍ ከመማር በራስ ወንበር ሥር ማየት ይበልጥ አይረሳም።

በ1938 ጆርጅ ኔይለር ከተባለ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ጋብቻ ፈጸመች። እርሱም የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ሲሆን፣ የወርቅ ኮከቡን ሳያገኝ አላገባውም ብላ ነበር የሚል ወሬ ስለ እርሷ ይነገራል። ወሬው እውነትም ይሁን ተረት፣ ኔይለር ኮከቡን ማግኘቱ የታወቀ ነው። በጦርነቱም ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ። በመሆኑም ሞተር በአየር ላይ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለሺሊንግ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

የመርሊን ሞተር ችግር

ሺሊንግ በ1936 በፋርንቦሮ በሚገኘው የንጉሣዊው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ውስጥ ተቀጠረች። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ የቴክኒክ ጽሑፎችን ማዘጋጀት ነበር። ይህ ሥራ እንዳልተስማማት ግልጽ ስለሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሞተር ክፍል ተዛወረች፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ግድምም የካርቡሬተር ምርምር ኃላፊነት በእጇ ገባ።

ጦርነቱ በተጀመረበት ወቅት የብሪታንያ ዋና ዋና ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ነበሩ፤ እነርሱም ስፒትፋየርና ሃሪኬን ናቸው። ሁለቱም የሚበሩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበር። ይህ ሞተር 12 ሲሊንደሮችና 27 ሊትር ይዘት ያለው ሲሆን፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ተንሳፋፊ ባለው ካርቡሬተር ነው። በሌላ በኩል ዋናው ጠላት የሆነው የጀርመን ሜሰርሽሚት 109 አውሮፕላን የሚጠቀምበት የዳይምለር ቤንዝ ሞተር ነዳጁን በፓምፕ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጭ ነበር።

የሮልስ ሮይስ መሐንዲሶች ካርቡሬተርን የመረጡት ባለማወቅ አልነበረም። ነዳጁ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ከአየሩ ጋር ሲደባለቅና ሲተን የድብልቁን ሙቀት ይቀንሳል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ስለሚጠጥር፣ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ከሞቀው የበለጠ አየር ይገባል፤ ከዚህም የተነሣ ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ምርጫው በሚገባ የታሰበበትና ጥቅሙም የተረጋገጠ ነበር። ይሁን እንጂ ማንኛውም የዕቃ ምርጫ የሚመዘነው በሚሠራበት ሁኔታ ሁሉ ነው። ካርቡሬተሩ ሲመረጥ የታሰበው፣ አውሮፕላኑ ወዲያና ወዲህ ቢልም ነዳጁ ከመያዣው ሥር ተቀምጦ እንደሚቆይ ነበር።

በ1940 ከጀርመኖች ጋር በፈረንሳይና በብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ ጊዜ ይህ ግምት እንደማይሠራ ታየ። አንድ የጀርመን አብራሪ ሲባረር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ድንገት ወደ ታች ደፍቶ ይሰምጣል። ተከታዩ እንግሊዛዊ እንደ እርሱ ለማድረግ ሲሞክር ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ማምለጫ ያጣ የሚመስለው ጠላት በዚህ ምክንያት ያመልጣል፤ የባሰው ነገር ደግሞ እንግሊዛዊው ራሱ በሚሸሽበት ጊዜ በዚሁ መንገድ ማምለጥ አለመቻሉ ነው። አብራሪዎቹ ያገኙት ዘዴ አውሮፕላኑን መጀመሪያ ገልብጦ በጀርባው ካስተኙ በኋላ መስመጥ ነበር፤ በዚህ አኳኋን ነዳጁ በመያዣው ሥር ይቆያል። ነገር ግን አንድ ሁለት ሴኮንድ ያጠፋል፤ በአየር ውጊያ ደግሞ ሁለት ሴኮንድ በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የችግሩ መንሥኤ

ሺሊንግና የሥራ ባልደረቦቿ ችግሩን ሲመረምሩ በአንድ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መኖራቸውን ለዩ። አፍንጫው ወደ ታች ሲደፋ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ክብደቱ የተገለበጠ ያህል ወደ ላይ ይወረወራል። በካርቡሬተሩ መያዣ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ወደ ጣራው ይሄዳል፤ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ግን በሥር ስለሆኑ ባዶአቸውን ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ለአንድ አፍታ ይቋረጣል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከዚህ የከፋ ነበር። በመያዣው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሥራው ነዳጁ በቂ ሲሆን መርፌ ቫልቩን መዝጋት፣ ሲጎድል መክፈት ነው። ነዳጁ ወደ ጣራው በሄደ ጊዜ ተንሳፋፊው በተቃራኒው ወደ ሥር ይወርዳል፤ መያዣው ባዶ የሆነ ይመስል ቫልቩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ፓምፑ ደግሞ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ እንዲያቀርብ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለውን ሁሉ ይገፋል። መያዣው ይጥለቀለቃል፤ አውሮፕላኑ ወደ ተራ አበራሩ ቢመለስም ሞተሩ የሚያገኘው በአየር ያልተመጣጠነ የወፈረ ድብልቅ ነው። ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ኃይሉ ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ ጨርሶ ይጠፋል። ሲበዛ ማርም ይመራል እንዲሉ፣ የመርሊን ሞተር ክፉኛ ይታፈን የነበረው በነዳጅ ማጣት ሳይሆን በነዳጅ ብዛት ነበር።

ይህን ማወቅ መፍትሔውን ለማግኘት ቁልፍ ሆነ። ከላይ ሲታይ መደረግ ያለበት ካርቡሬተሩን ጥሎ በሌላ መተካት ይመስላል። ነገር ግን ለዚያ አዲስ ንድፍ፣ አዲስ ፋብሪካና ብዙ ወራት ያስፈልጉ ነበር። ጦርነቱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሺሊንግ ያነሣችው ጥያቄ ከዚህ ያነሰና የጠለቀ ነበር፤ ይኸውም ቫልቩ ወለል ብሎ በሚከፈትበት ጊዜም ቢሆን ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ከሚፈልገው የበለጠ ነዳጅ ሊያልፍ የማይችልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ነው።

የተመጠነችው ቀዳዳ

መልሱ ከካርቡሬተሩ በፊት በነዳጁ ቧንቧ ላይ የምትገባ መገደቢያ ሆነች። መጀመሪያ የተሠራችው በልብስ ሰፊ የጣት ቆብ ቅርጽ፣ ከናስ፣ የተመጠነ ቀዳዳ እንዲኖራት ተደርጋ ነበር። በኋላ ይበልጥ ቀለለችና በመካከሏ አንድ በጥንቃቄ የተበሳ ቀዳዳ ያላት ጠፍጣፋ ራንዴላ ሆነች። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚያውቃት በተቋሙ ስም በተሰየመ መገደቢያነት ነው።

በዚህች ዕቃ ውስጥ ያለው ብልሃት ቅርጿ ሳይሆን የቀዳዳዋ ልክ ነው። ፈሳሽ በአንዲት ቀዳዳ የሚያልፍበት መጠን ከቀዳዳዋ ስፋት ጋር ይሄዳል፤ ስፋቷም ከዲያሜትሯ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ብቻ ቢስት፣ የሚያልፈው ነዳጅ በ21 በመቶ ይበልጣል። ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ግን መጠኑ የሚጨምረው በ41 በመቶ ገደማ ነው። ቀዳዳዋ ከጠበበች ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ሰዓት ነዳጅ ይጠማና ፒስተኑ ይጎዳል፤ ከሰፋች ደግሞ ጥልቅልቁ እንደነበረ ይቀጥላል። ከዚህም የተነሣ አንድ መጠን ለሁሉም አልበቃም። በካሬ ኢንች 12 ፓውንድ ተጨማሪ የአየር ግፊት ለሚሠሩት ሞተሮች አንድ፣ 15 ፓውንድ ለሚሠሩት ደግሞ ሌላ ልክ ተዘጋጀ። አየሩ በጨመረ መጠን የነዳጁም ፍላጎት ስለሚጨምር፣ ቀዳዳዋ የምትመረጠው የሞተሩን ስም አይቶ ሳይሆን የሚሰጠውን ከፍተኛ ኃይል አስልቶ ነበር።

ዕቃዋ አውሮፕላኑን ከአገልግሎት ሳታስወጣ የምትገጠም መሆኗ ዋጋዋን እጅግ ከፍ አደረገው። ከማርች 1941 ጀምሮ ሺሊንግ የምትመራው አነስተኛ ቡድን ከአንዱ የአየር ኃይል ጦር ሠፈር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ መገደቢያዎቹን በተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ ገጠመ፤ ለሠፈሩ መካኒኮችም አገጣጠሙን አሳየ። እርሷ አብዛኛውን ጉዞ የምታደርገው በቀድሞው የእሽቅድድም ሞተር ብስክሌቷ ነበር። የምርምር ተቋም መሐንዲስ ንድፉን ልኮ በቢሮው መቀመጥ ይችል ነበር። ሺሊንግ ግን የተመጠነ ዕቃ በተሳሳተ ሞተር ላይ ቢገባ የሚያስከትለውን ጉዳት ስለምታውቅ፣ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ከእጇ አላወጣችውም።

መገደቢያዋ ችግሩን ሙሉ በሙሉ አላጠፋችም። ድብልቁ ሲሳሳ የሚደርሰው አጭር መቋረጥ እንዳለ ነበር፤ ለረዥም ጊዜ ተገልብጦ መብረርም አልተቻለም። ነገር ግን አብራሪው አፍንጫውን ቶሎ ደፍቶ ሲሰምጥ ሞተሩ እንዳይጥለቀለቅ ስላደረገች፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረውን ልዩነት አጠበበች። የተሻለው መፍትሔ የመጣው በ1943 የግፊት ካርቡሬተር በሥራ ላይ ሲውል ነው። እስከዚያ ድረስ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ አብራሪዎች የተማመኑት በዚችው ራንዴላ ነበር።

አብራሪዎቹ ዕቃዋን እጅግ ስለወደዷት በሺሊንግ ስም ጠሯት። ስያሜው በወንዶች ሠፈር የተወለደ፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቀልድ የተቀላቀለበት ነበር፤ ያገባች ሴት ሆና ሳለም ወይዘሪት ብሎ ይጠራታል። ቀልዱ ስሟን ከመረሳት ቢያድነውም ሥራዋን አሳንሶ አሳይቷል። ብዙ ሰው ስለ ቀዳዳዋ ሰምቷል፤ ቀዳዳዋን ለመበሳት የሱፐርቻርጀርን ምርምር፣ የእሽቅድድምን ልምድና የፍሰትን ስሌት ያጣመረ ባለሙያ ማስፈለጉን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ተጨማሪ ኦክስጅንና ተጨማሪ ነዳጅ

የነዳጅ መጠን ጥያቄ በዚያው ጦርነት ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በከፍተኛ ሥፍራ አየሩ ስለሚሳሳ ሱፐርቻርጀሩ ብቻውን አይበቃም ነበር። ጀርመኖች ለዚህ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በፈሳሽነቱ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ሠሩ። በ1944 ብሪታንያም የመርሊን ሞተር ባላቸው አንዳንድ ሞስኪቶ የሌሊት ተዋጊዎች ላይ ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቀመች። ይህ የሺሊንግ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን በመገደቢያዋ የተፈታው ጥያቄ፣ ማለትም ለሞተሩ ከፍተኛ ኃይል የሚያስፈልገው ነዳጅ ስንት ነው የሚለው፣ በዚህ ይበልጥ ከብዶ ይገኛል።

ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ አይነድም። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን፣ በተራ አየር ውስጥ ያለው 23 በመቶ ብቻ ነው። በሲሊንደሩ ሙቀት ሲፈርስ ኦክስጅኑ ይለቀቃል። ይህን ኦክስጅን የሚመጥን ነዳጅ አብሮ ካልገባ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። በስሌት 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመንደድ 9.6 ኪሎ ግራም ያህል ናይትረስ ኦክሳይድ ይፈልጋል፤ በአየር ቢሆን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል ነበር።

ዛሬ ይህ ጋዝ በእሽቅድድም መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ የነዳጁን ዕቃ የሚመርጠው መካኒክም የሚጠየቀው ያንኑ የፋርንቦሮ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በጋዙ 100 ቢጨመርለት፣ ለአንድ ኪሎዋት በሰዓት 0.3 ኪሎ ግራም ቤንዚን ተብሎ ሲታሰብ፣ በሰዓት 67 ኪሎ ግራም ወይም 90 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ፓምፑ ይህን ያህል ማቅረብ ያለበት ያለ ምንም ጫና በነፃ ሲፈስ ሳይሆን በሚሠራበት ግፊት ላይ ነው፤ ከዚያም በላይ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። ፓምፑ ቢበረታም ማጣሪያው ከጠበበ፣ ቧንቧው ከቀጠነ ወይም መታጠፊያው ከበዛ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል። በመጨረሻ መጠኑን የምትወስነው ትንሿ የነዳጅ ማፍሰሻ ቀዳዳ ናት፤ እርሷም ከጋዙ ቀዳዳ ጋር ተጣምራ መመረጥ አለባት። የጋዙ ግፊት ራሱ በጠርሙሱ ሙቀት ስለሚለዋወጥ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 50 ባር ያህል የነበረው በዜሮ ዲግሪ ወደ 31 ባር ይወርዳል፤ በሞቀ ጠርሙስ የተመጠነው ድብልቅ በቀዘቀዘ ጊዜ ይወፍራል። የነዳጅ ግፊት ድንገት ሲወድቅ ጋዙን የሚዘጋ ማብሪያ የሚገጠመውም ስለዚሁ ነው። ፓምፑ ትርፍ እንዲኖረው፣ ቀዳዳዋ ግን ትርፍ እንዳትፈቅድ የማድረግ ሕግ በ1941 ከተገጠመችው ራንዴላ ጋር አንድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

ሺሊንግ ለጦርነቱ ጊዜ አገልግሎቷ የብሪታንያ መንግሥት ኒሻን ተሸልማለች። በፋርንቦሮ ሥራዋን እስከ 1969 ቀጠለች። ጄት ሞተር መጥቶ የፒስተን ሞተር ወደ ኋላ ሲቀር እርሷ ከሙያው አልወጣችም፤ ጥያቄውን ለወጠች እንጂ። ብሉ ስትሪክ በተባለው ሮኬት ላይ ሠርታለች። አውሮፕላኖች በረጠበ ማኰብኰቢያ ላይ በሚያርፉበት ጊዜ ፍሬናቸው ለምን እንደሚሸነፍም አጥንታለች። የዚህ ጥናት ጥቅም ለወታደሩ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም የሚተርፍ ነበር።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ከባለቤቷ ጋር ሞተር ብስክሌቱን በመኪና ተክተው በእሽቅድድም መካፈላቸውን ቀጠሉ፤ መኪናዎቻቸውንም ራሳቸው ያሰናዱ ነበር። በ1967 የአሜሪካዊው ተወዳዳሪ የዳን ገርኒ ቡድን የእሽቅድድም መኪናው ሞተር ከመጠን በላይ ሲግልበት ምክር ፍለጋ ወደ እርሷ ሄዷል። ዕድሜዋ ወደ 60 እየተጠጋ ሳለ እንኳ የሞተርን ሙቀትና የፈሳሽን ፍሰት በሚመለከት ጉዳይ የምትጠየቅ ባለሙያ ነበረች። የሰሬ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቷታል። ሙያ እንድትጀምር በር የከፈተላትን የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር አልተለየችም፤ የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም አባልም ነበረች።

ቢያትሪስ ሺሊንግ ኖቬምበር 18 ቀን 1990 በ81 ዓመቷ ዐረፈች። በ2015 የብሩክላንድስ ቤተ መዘክር የእሽቅድድም ዋንጫዎቿንና የወርቅ ኮከቧን ገዝቶ በቅርስነት አኑሯል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ አንድ የምሕንድስና ሕንፃ በስሟ ሰይሞላታል።

በሕይወቷ ውስጥ ለባለሙያ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። ፓምፕ ሲመረጥ፣ ቧንቧ ሲለካ፣ ቀዳዳ ሲበሳ መነሻው የዕቃው ዋጋ ወይም ስም ሳይሆን ሞተሩ በጭንቅ ሰዓት የሚፈልገው መጠን ነው። ትልቅ ዕቃ መግጠም ብቻውን ጥንቃቄ አይደለም፤ መርሊንን ያፈነው የፓምፑ ትርፍ ነበርና። ትንሽ ዕቃ መግጠምም ቁጠባ አይደለም፤ የተጠማ ሞተር በሰማይም ሆነ በጎዳና ላይ ነጂውን ይዞ ይወድቃልና። ሺሊንግ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ፈልጋ፣ በናስ ላይ በስታ፣ በየጦር ሠፈሩ እየዞረች በየአውሮፕላኑ እንዲገጠም አድርጋለች። ሞተራቸው ሳይታፈን ሰምጠው፣ ቀና ብለው ወደ ሠፈራቸው የተመለሱት አብራሪዎች የሥራዋ ምስክሮች ነበሩ።